ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለገጨው ሰው ካሳውን ማን ይከፍላል?



ዛሬ የመጣሁት ስለ ካሳ ልነግራችሁ ነው። ሰው በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎድል ስለ ገንዘብ ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ካሳ የሚያነሳ ሰው በደም ሊነግድ እንደመጣ ይቆጠራል። ድንኳኑ ሲፈርስና አጽናኙ ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ ግን የቤት ኪራዩ ይቀጥላል፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቀጥላል፤ የተጎዳው ሰው መድኃኒትም በየሳምንቱ ይገዛል። ካሳ የሙት ዋጋ አይደለም። ሟቹ ወይም ተጎጂው ይሸከመው የነበረውን ኑሮ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ወገን እንዲሸከመው ሕግ የሚያዝበት መንገድ ነው።

የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ካለው ነገሩ ቢያንስ አድራሻ አለው፤ ሰነዱ ይታያል፣ የመድን ድርጅቱ ይታወቃል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው መኪናው ኢንሹራንስ የሌለው ሲሆን ነው። «ሾፌሩ ድሃ ነው፣ ኢንሹራንስም የለውም፣ ከማን ይገኛል? ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል» ብለው ይተዉታል። ዛሬ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህ አባባል በሕግም በተግባርም ስሕተት መሆኑን ነው። መኪናው ኢንሹራንስ ባይኖረውም ተጠያቂ አለ። ተጠያቂው የሚገኘው ግን ማስረጃውን በጊዜ ለያዘና ቀኑን ላላሳለፈ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላንሳ። በአገራችን ለረጅም ዘመን መኪና ያለው ሰው ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አልነበረበትም፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው። እሱን የተካው በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማንም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት አይችልም። መኪና ባለቤቶች ከመስታወታቸው ላይ የሚለጥፉት፣ ከቦሎው ጎን የምታዩት ስቲከር የዚህ ማረጋገጫ ነው። አዋጁ ሁለተኛ ነገርም አደረገ፤ ግዴታውን የሚጥስ ሰው እንደሚኖር አስቀድሞ ገምቶ፣ ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለሚጎዳ ሰውና ገጪው ላልታወቀበት ሰው የመድን ፈንድ አቋቋመ። ወደ ፈንዱ በኋላ እመለሳለሁ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ታሪኩ የማንም የተለየ ሰው አይደለም፤ በየሰፈራችሁ ያያችሁት ነገር ግን አይጠፋበትም። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ እናት ናት። ጠዋት ከአትክልት ተራ ዕቃዋን ይዛ ስትመለስ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ እየሄደች ባጃጅ ከኋላዋ መጥቶ ይጥላታል። እግሯ ተሰብሯል። ሰው ይሰበሰባል። የባጃጁ ሾፌር ወጣት ነው፤ ደንግጧል፤ «እኔ ባለቤቱ አይደለሁም፣ ገቢ ነው የምሰጠው» ይላል። ባለቤቱ በስልክ ይጠራል፤ መጥቶ «እኔ አልነዳሁም፣ ከነጂው ጋር ተነጋገሩ» ይላል። ኢንሹራንሱ ሲጠየቅ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል። እነሆ፣ ሦስቱም በር የተዘጋ ይመስላል።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ሕክምና ነው። አዋጁ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መኪናው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ገጪው ከተሰወረ ይህን የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ ፈንዱ ይሸፍናል። በ2005ቱ አዋጅ የተወሰነው መጠን እስከ 2000 ብር ነበር። ስለዚህ ተጎጂ ይዛችሁ ሆስፒታል ስትደርሱ «ማን ይከፍላል?» በሚል ጥያቄ በር ላይ መቆም የለባችሁም። «የመኪና አደጋ ነው፣ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው» ብላችሁ በአዋጁ ስም ተናገሩ።

አንዱ ተጎጂዋን ይዞ ሲሄድ ሌላው እዚያው መቅረት አለበት። ይህን እባካችሁ አትርሱ። ሁላችንም በርኅራኄ ተጎጂውን ተከትለን ስንሄድ አደጋው የደረሰበት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ መኪናው ይነሳል፣ የጎማው ምልክት ይጠፋል፣ ያየው ሰው ወደ ሥራው ይበተናል። የሚቀረው ሰው ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣና ፕላን እስኪነሳ ድረስ ይጠብቅ። ታርጋውን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ስቲከርና ቀኑን፣ ወይም ስቲከር አለመኖሩን ያንሳ። የሾፌሩን መንጃ ፈቃድና የሊብሬውን ስም ፖሊስ ሲመዘግብ ይከታተል። ያዩትን ሁለት ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ ይጻፍ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ዳኛ ፊት የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ሾፌሩ ገጭቶ ካመለጠም ፖሊስ ጋ መሄድ አይቅር። «ታርጋውን አላየነውም፣ ምን ብለን እናመለክታለን?» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ገጪው አለመታወቁ ራሱ ፈንዱ ከሚከፍልባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ፖሊስ አደጋው መድረሱንና ገጪው አለመታወቁን ካልመዘገበ ግን ፈንዱ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ የሚከፍለው ማነው? በምሳሌያችን ባለቤቱ «እኔ አልነዳሁም» ብሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጥፋት ሠርቷል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚህ የሚያመልጠው በዋናነት ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ነገር ካለ ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት እንደ ነገሩ ሁኔታ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። የጉልቷ እናታችን ግን የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ስትሄድ ነው የተገጨችው። «ገቢ ብቻ ነው የምቀበለው» የሚለው የባለቤቱ ቃል መከላከያ አይሆንለትም፤ ባጃጁ የእሱ ነው። ሾፌሩም በበኩሉ በጥፋቱ ይጠየቃል። ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ ባለቤቱንና ሾፌሩን አንድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ በከተሞቻችን የተለመደ አንድ ችግር አለ። ብዙ መኪና የሚሸጠው በውክልና ነው። ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፣ ገዢው መኪናውን ይነዳል፣ የስም ዝውውሩ ግን ለዓመታት አይፈጸምም። አንዳንዱ መኪና በውክልና ላይ ውክልና እየተሰጠበት ሦስት አራት እጅ ይዞራል። አደጋ ሲደርስ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው «ከሸጥኩት ቆይቷል» ይላል፤ የያዘው ሰው «በስሜ አይደለም» ይላል። ተጎጂው በሁለቱ መካከል መመላለስ የለበትም። በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውንም፣ መኪናውን በእጁ አድርጎ የሚጠቀምበትንም አብሮ ይክሰስ፤ ማን ባለቤት እንደሆነ ይመልስ ዘንድ የሚጠበቅበት ፍርድ ቤቱ ነው። እናንተም መኪና የሸጣችሁ ካላችሁ፣ ስም ሳታዛውሩ ያደራችሁት እያንዳንዱ ሌሊት በራሳችሁ ላይ ዕዳ መሆኑን ዕወቁ።

ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ከሆነ ሕጉ የተለየ መነሻ አለው። በቁጥር 2084 መሠረት ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተገጨ ባለመኪና የትራፊኩን ፕላንና የዓይን ምስክሮችን ካልያዘ፣ ጥፋት ሳይኖርበት የግማሹ ዕዳ በእሱ ላይ ሊቀር ይችላል። ፕላኑን ሲያነሱ ተገኙ፤ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ እዚያው ተናገሩ። ለመኪናው ጉዳት ደግሞ ከጋራዥ ፕሮፎርማ አስወጡ፤ የተቀየረውን ዕቃ ደረሰኝ አስቀምጡ።

ሌላም ስሕተት አለ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነፃ ከወጣ፣ ብዙ ሰው «እንግዲህ ካሳም የለም» ይላል። አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የካሳ ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት በወንጀሉ ችሎት በተሰጠ የነፃ መውጣት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። ወንጀል የሚለካው በሾፌሩ ጥፋት ነው፤ የባለቤቱ ኃላፊነት ግን ያለ ጥፋትም ይኖራል። ዐቃቤ ሕጉ የሚከራከረው ስለ ቅጣት መሆኑን ዕወቁ፤ ሾፌሩ ቢታሰርም ካሳው በራሱ ጊዜ ቤታችሁ አይመጣም። ካሳውን የሚጠይቀው ተጎጂው ነው።

አሁን ወደ ፈንዱ። ባለቤቱ ቢታወቅም የሚከፍለው ነገር ባይኖረውስ? ገጪው ጭራሽ ባይታወቅስ? የመድን ፈንዱ የቆመው ለዚህ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው መድን ከገቡ ሰዎች የሦስተኛ ወገን አረቦን ላይ ነው። ሕግ ያከበረው ሕግ ያላከበረው ለጎዳው ሰው እያዋጣ ነው ማለት ነው፤ እንደ ዕድራችሁ ዓይነት መዋጮ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ቀደም ሲል የመድን ፈንድ አስተዳደር ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም ዛሬ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ተብሎ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥር ይሠራል። ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ኢንሹራንስ ያልገባውን ባለቤት ተከትሎ ገንዘቡን ያስመልሳል። ስለዚህ ፈንዱን መጠየቅ ገጪውን ነፃ ማውጣት አይደለም።

ወደ ፈንዱ ስትሄዱ የምትይዙት ነገር ከባድ አይደለም፤ መሟላት ግን አለበት። የፖሊስ የአደጋ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ መኪናው ኢንሹራንስ እንደሌለው ወይም ገጪው እንዳልታወቀ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ። ሰው ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃና የቤተሰቡን መብት የሚያሳይ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ። በፖሊሱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። «አበበች» በአንዱ፣ «አበባ» በሌላው ከተጻፈ ቤተሰቡ ለማረም ብቻ ወራት ይመላለሳል። ሆስፒታል ካርድ ስታወጡ የክርስትና ስም ወይም የቤት ስም አትስጡ፤ በመታወቂያው ላይ ያለውን ሙሉ ስም አስመዝግቡ።

ፈንዱ ሁሉን ይሸፍናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተወሰነው ከ5000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚከለስ ስለሆነ፣ ስታመለክቱ አደጋው በደረሰበት ዕለት የሚሠራበትን መጠን ጠይቁና በእሱ ተስተናገዱ። ጣሪያው የቱንም ያህል ቢሆን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከፈንዱ የተቀበላችሁት ገንዘብ ከጉዳታችሁ ካነሰ ቀሪውን ከባለቤቱ የመጠየቅ መብታችሁ አይጠፋም። አንድን ጉዳት ሁለት ጊዜ ማስከፈል አይቻልም፤ የጎደለውን ማስሞላት ግን ይቻላል።

አሁን ስለ ዕርቅ ልናገር፤ በዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ መናገር እፈልጋለሁ። አደጋው በደረሰ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የገጪው ወገን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ይህ ክብር ያለው ባህላችን ነው። ሽምግልና ቂምን ያርቃል፤ ገጪውም ሰው ነው፤ እሱም ቤተሰብ አለው። ዕርቅን አልቃወምም። የምቃወመው ሐኪም ስለ ቁስሉ ምንም ሳይናገር የሚፈረም ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። የጉልቷ እናት ተኝታለች፤ እግሯ በጀሶ ታስሯል። ሽማግሌዎቹ መጥተው በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ባለባጃጁ ተነስቶ ጉልበት ይስማል። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ሰውየው ያለውን ይዞ መጥቷል» ይላል። የተወሰነ ብር ይቆጠራል። ከዚያ አንድ ወረቀት ይቀርባል፤ ከታች «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ምስክሮች ይፈርማሉ። እሷም በአውራ ጣቷ ታትማለች። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ አጥንቱ በትክክል አልገጠመም፣ እንደገና መቀደድ አለበት ይላል። ወጪው በዕርቁ ዕለት ከተቀበለችው ብዙ እጥፍ ነው። ወደ ባለባጃጁ ስትሄድ ወረቀቱን ያወጣል።

ያ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕርቅን በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጥረዋል። የአውራ ጣቷ አሻራ ፍርድ ሆኖ በራሷ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ የሆናችሁ አባቶች፣ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ገጪው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ገንዘቡ ይሰጥ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከመጨረሻው ካሳ ላይ የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለው ቃል ሕክምናው አልቆ፣ ሐኪሙ የቀረ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ጽፎ እስኪሰጥ ድረስ በማንም ወረቀት ላይ አይግባ። የተጎጂዋ ቤተሰብ ሰነዱን ለሚያነብ አንድ ሰው ሳያሳይ አይፈርም። ሽማግሌው ለሁለቱም ወገን እኩል ነውና፣ የተጎዳውን ያለ ዕውቀት እንዲፈርም ማድረግ ከሽምግልና ክብር ጋር አይሄድም። ሰውን መግደልና ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ በመንግሥት ስም የሚከሰስ ወንጀል ስለሆነ ደግሞ፣ ስለ ወንጀሉ ክስ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት እንጂ በሽምግልና የተፈረመ ወረቀት አይደለም።

ዕርቅ ካልሆነ ክስ ነው። ካሳው ስንት ይሆናል? ሕጉ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። ስለዚህ የተከፈለው የሕክምና ደረሰኝ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው። ገና የሚቀረው ቀዶ ሕክምና፣ ሠርታ ያላገኘችው ገቢ፣ ከእንግዲህ የምታጣው ገቢ ሁሉ ይቆጠራል። ሰው ሞቶ ከሆነም በሕግ የተለዩት ዘመዶች፣ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች፣ በሟቹ ይረዱ እንደነበረው ቀለባቸውን ይጠይቃሉ።

ደመወዝ የሚበላ ሰው ገቢውን በደብዳቤ ያስረዳል። ጉልት የምትሸጥ እናት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ በምን ያስረዳ? ብዙዎቹ እዚህ ላይ እጅ ይሰጣሉ። ሕጉ ግን ለእነሱም አስቧል፤ ጉዳቱ በትክክል ሊለካ በማይችልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ቁጥር 2102 ያዝዛል። ዳኛው በርትዕ የሚወስነው ግን መነሻ ሲያገኝ ነው። አብረዋት ጉልት የሚቀመጡ ሴቶች መጥተው በቀን ስንት ትሸጥ እንደነበር ይመስክሩ። የዕቁብ ጸሐፊ በየሳምንቱ ስንት ትጥል እንደነበር ከመዝገቡ ያሳይ። የዕድር ጸሐፊ ስንት ቤተሰብ ታስተዳድር እንደነበር ይናገር። በባንክ ወይም በስልክ የላከችውና የተቀበለችው ገንዘብ ካለ ታትሞ ይቅረብ። ለወረቀት ሩቅ የሆነው የሕይወታችን ክፍል በሰፈራችን መዝገቦች ውስጥ አለና እነሱን አውጡ።

አንድ ነገር ግን በሕጋችን ላይ እንደ ቁስል የቀረ አለ። ለሕሊና ጉዳት፣ ልጇን ላጣች እናት ኀዘን ማለት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 የሚፈቅደው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ነው። 1000 ብር ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን የሆስፒታል ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ይህ ቁጥር መቀየር አለበት። የኀዘንን ዋጋ ከስድሳ ዓመት በፊት በነበረ ብር መለካት ፍትሕ አይደለም።

ጊዜውን በልባችሁ ያዙት፤ ሁለት ዓመት። ቁጥር 2143 ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ካስቀመጠ ያ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ተመክታችሁ አትዘግዩ። ባለቤቱ «ዛሬ ነገ» እያለ ሲያመላልሳችሁ፣ ሽምግልናው ሲራዘም፣ የወንጀሉ ክስ ሲቀጠር፣ የእናንተ ቀን እየሮጠ ነው። ድርድሩ ይቀጥል፤ ክሱ ግን በጊዜው ይከፈት።

ገንዘብ የለንም የምትሉም በሩ አልተዘጋባችሁም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ማስረጃ ይዞ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው የሚያካሂዱት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ክስ የመጻፍ ችሎታ ስለሌላችሁ ብቻ መብታችሁ አይቅር።

በመጨረሻም፣ ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተፈርዶላቸው መዝገቡን ታቅፈው የቀሩ ሰዎች አሉ፤ በፍርዱ ቀን ባለቤቱ መኪናውን ሸጦ፣ በስሙ ምንም አልተገኘም። ስለዚህ ክሱ በተከፈተበት ዕለት መኪናው እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ እግድ ጠይቁ፤ ትእዛዙም መኪናው ወደተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ መድረሱን ራሳችሁ ተከታትላችሁ አረጋግጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው።

መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ስሙኝ። የሦስተኛ ወገን አረቦን ከአንድ ሳምንት የነዳጅ ወጪያችሁ ጋር አወዳድሩት። ያን ሳትከፍሉ መኪናችሁን መንገድ ላይ ስታወጡ፣ በሰው እግርና በሰው ሕይወት እየተበደራችሁ ነው። ዕዳው ሲመጣ ቤታችሁን፣ መኪናችሁንና ነፃነታችሁን ይዞ ይመጣል።

ለዕድሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበርና ገንዘብ ታቀርባላችሁ። እንደዚሁ ሁሉ በመኪና አደጋ ለተጎዳ አባል ቤተሰብ አንድ ሰው መድቡ፤ የፖሊሱን ማስረጃ የሚያወጣ፣ የሐኪሙን ወረቀት የሚሰበስብ፣ ሁለቱን ዓመት የሚቆጥር፣ ያለ ምክር ወረቀት እንዳይፈረም የሚጠብቅ። ከዛሬ ስብሰባ ሳትወጡ ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ለማካተት ተስማሙ። ካሳውን የሚያስገኘው እንደዚህ በጊዜ የተያዘ ማስረጃና በጊዜ የቀረበ ጥያቄ ነው።